የሳምቡሳ ዘይት አሟሟት

«አንድ በርሜል ያገለገለ የሳምቡሳ ዘይት ዛሬ ጠዋት በመንፉሐ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የምናስታውቀው በጥልቅ ኀዘን ነው።»

ውብሸት ነው በርሜሉ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ያወጀው። የሳቀለት የለም።

ኅዳር 2006 ነው፤ ዓረብ አገር። የሳምቡሳ ቤቱ ባለቤት ዑስማን አራት ሐበሾችን ከአሮጌ ፒክአፑ ጋር ግቢው ውስጥ ደብቆ፣ ባዶ ቤት እንዲመስል በሩን በውጭ ቆልፎ፣ ቁልፉን በበሩ ሥር አንሸራትቶላቸው እሱም ተሰውሯል። ወረቀት የሌላቸውን የሚለቅመው የፖሊስ አፈሳ እነሱ ጋ ለመድረስ አንድ መንገድ ቀርቶታል። ፒክአፑ ከከተማው ውጭ ወዳሉት የኸርጅ እርሻዎች ካላወጣቸው ተራው የእነሱ ነው።

የፒክአፑ ነዳጅ ታንከር ግን ባዶ ነው። ናፍጣ ከውሃ በሚረክስበት አገር ናፍጣ አጡ! ጀሪካን አንጠልጥሎ የሚወጣ ሐበሻ ማደያው ሳይደርስ ይታፈሳል። ስለዚህ በኬሚስትሪ ተመርቆ ሰሃን ሲያጥብ የኖረው ውብሸት፣ የሳምቡሳውን ዘይት በምግብ ማሞቂያ ሜታኖልና በቱቦ መክፈቻ ሶዳ ነዳጅ ሊያደርገው ተነሳ።

አሁን በርሜሉ ውስጥ ያለው ነጭ ጭቃ ነው።

«ብርድ አርግቶት ይሆናል» አለች የስንቁ ኃላፊ አስናቀች።

ውብሸት ከጭቃው ቆንጥሮ ፀሐይ ላይ አኖረው። ብርድ ያረጋው ነዳጅ ሲሞቀው ይቀልጣል። ይሄ ወይ ፍንክች። ውሃ ጠብ አድርጎበት ቢያሸው አረፋ ደፈቀ።

«ሳሙና ሆኗል። ዘይትና ሶዳ እንዲህ የሚሆኑት ውሃ ሲገባባቸው ነው፤ ሰው ጨምሮበታል።»

ሁለቱም ጥግ ላይ የቆመችውን ዘኪያን አዩ። ለሶላት የምትታጠብበት የውዱእ ኮዳዋ በርሜሉ ሥር ወድቋል።

«በምን ውሃ?» ጮኸች ዘኪያ። «ቧንቧው ከተቋረጠ ወዲህ ተየሙም በአፈር ነው የማደርገው! ኮዳዬ ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርቷል፣ እየው!»

እውነቷን ነው።

«የኔንም ፈትሽ» አለች አስናቀች የምትተኛበትን የውሃ ካርቶን እየገለጠች። «እንደ ዶሮ ታቅፌው ነው የማድረው።»

ላስቲኩ አልተነካም።

ቧንቧው ደረቅ። ኮዳው ደረቅ። ካርቶኑ እንደታሸገ። ውሃው ከየት መጣ?

ውብሸት ብቻውን ወደ ፒክአፑ ኋላ ሄደ። ሾፌራቸው ረድዋን ሻንጣው ላይ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ ለእናትህ ደሴ የምትወስደው የዘምዘም ውሃ የት አለ?»

«እዚሁ ሻንጣዬ ውስጥ።»

«ተነሣ እስቲ።»

«ያላ፣ ተወኝ ውብሸት።»

ውብሸት ሻንጣውን አነሣው። ቀለለው፤ ውሃው የለም።

ረድዋን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እህቴ ሪሃና ዑለያ ሰፈር፣ የምትሠራበት ቤት ተቆልፎባታል። ነገ ማታ ማዳሟ ሠርግ ስትሄድ ዘላ ትወጣለች። ስልኳን ሳይቀሟት እዚህ ነይ ብያታለሁ። በዚህ ከተማ ሌላ የምታውቀው በር የለም።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ብነግራችሁ ትጠብቋት ነበር?»

ውብሸት ሻንጣውን ቦታው መልሶ አስቀመጠው።

ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ በር ሲሰበር ይሰማል። ሴቶቹ ከኩሽናው የመጨረሻውን በርሜል ዘይት እየጎተቱ ነው። ሶዳውም ሜታኖሉም ተርፏል።

«አዲሱ ነዳጅ ዛሬ ማታ ይደርሳል፣ አይደል?» አለች አስናቀች።

«ከነገ ወዲያ ጠዋት።»

«ትናንት በግማሽ ቀን ይደርሳል አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«በራችን ላይ ናቸው'ኮ! ማነው ያበላሸው? ለምንድን ነው የምንቆየው?»

«አልናገርም» አለ ውብሸት።