ለአውድማው የወለቀ ጫማ

ጥጋቡ በገዛ አውድማው መሐል በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አጠገቡ ሊወቃ የነበረው ጥቁር ገብስ ተከምሮ ቆሟል። ኢንስፔክተር ሰርኬ ከንፋስ መውጫ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። የዘር ፕሮጀክቱን ባለሙያ ምስጋናን በገመድ ጠፍረው ባሕር ዛፍ ሥር አስቀምጠውታል፤ አብሯት የመጣው ፖሊስም ካቴናውን አውጥቷል።

«ማን እሰር አለህ?»

«ሁሉም እሱ ነው ይላሉ።»

«ሁሉም ካወቀማ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?»

ሰርኬ የእስቴ ገበሬ ልጅ ናት። ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል እንጂ አይጮህም፤ ያን ጠዋት ፖሊሱ ቃሏን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት።

መቆጣቷም ያለ ነገር አልነበረም። ጥቁሩ ገብስ በድርቅ ዘሩ ከጠፋ ቆይቷል። ዱሮ ከዚሁ ከጋይንት ተወስዶ ባሕር ማዶ በዘር ባንክ የተቀመጠው ነው በአገሮች የእርሻ ትብብር የተመለሰው። ጥቂቱን ጥጋቡ እንዲያራባው ዘራ፤ የቀረው ለመጪው ክረምት ለመንደሩ ሊታደል በማኅበሩ መጋዘን ገባ። ምስጋና ነፍሰ ገዳይ ከተባለ እሱ ወህኒ ይወርዳል፣ ዘር የሚልኩትም እጃቸውን ይሰበስባሉ።

«ትናንት ምን ነበር፣ ስንዱ?» አለቻት የሟችን ሚስት።

«ከዚህ ልጅ ጋር ተጨቃጨቁ። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ልጁ ሲሄድ እኔ አውድማውን በእበት ለቀለቅሁት። ሲመሽ ጥጋቡ "ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ፤ የት እንደሁ አልነገረኝም። በዚያው ቀረ።»

«ጠዋት አውድማው ላይ ማን ገባ?»

«ማንም። እኔ ከዳር ሆኜ ስጮህ ሽማግሌው አባ ንጋቱ ደረሱና ሰው ከለከሉ።»

ሰርኬ ጫማዋን አውልቃ ጠርዝ ጠርዙን ሄደች። እበቱ እርጥብ ሳለ የተረገጠውን ሁሉ ይዞ ደርቋል። አንድ የባዶ እግር ዱካ ገብቶ ወጥቷል፤ ሲገባ ጠልቋል፣ ሲወጣ ቀሏል። ሟቹ የጎማ ጫማውን እንዳደረገ ነው፤ ከጫማው ሥር ግን የእበት ምልክት እንኳ የለም። ጡጫውን ፈልቅቃ ብታይ ነጭ ገብስ ጨብጧል። ሁሉንም በስልኳ ፎቶ አነሣች።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ምስጋናን።

«"መጋዘን ሂድና ዘሩን በዓይንህ እይ" አለኝ። ሪፖርቱ ላይ ደህና ነው ተብሎ ተጽፏል አልኩት። ሰደበኝ።»

«ሄደህ አየህ?»

አንገቱን ደፋ። ሰርኬ በጥፊ ብትለው ደስ ባላት።

ክንዱ የሚባለው የጥጋቡ ድንበርተኛ ተጠራ። «ከጥጋቡ ጋር በመሬት ተካሰናል፣ አልዋሽም» አለ። «ግን ዛሬ አብሬው ልወቃ መንሼን ይዤ ነው የመጣሁት።»

ከሁሉ በላይ የሚጮኸው የዘር ማኅበሩ ሊቀመንበር ባዩ ነበር። «ትናንት ንፋስ መውጫ ሄጄ እዚያው አድሬ፣ አሁን ከሚኒባስ መውረዴ ነው። ዘር እንሰጣለን ብለው መጥተው ሰው በሉብን!»

«መጋዘን ያለው ዘር የትኛው ነው፣ አቶ ባዩ?»

«ጥቁሩ ነዋ። ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

«ይስጡኝ እስቲ።»

«ዛሬ እኮ የሐዘን ቀን ነው፣ እቴ።»

«ሐዘኑ የስንዱ ነው። ቁልፉን።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሰርኬ ከመጋዘኑ ተመለሰች። ምስጋናን አስፈታችና ሁሉንም ሰበሰበች። «አውድማው ላይ ግቡ» አለች።

ምስጋና በቦት ጫማው ቀድሞ ገባ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ልጄ፣ አውድማ በጫማ አይረገጥም» አሉት አባ ንጋቱ።

ምስጋና ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ።

«አያችሁ?» አለች ሰርኬ። «ከተሜ ነው፣ አያውቅም። ጥጋቡ በእግሩ አልገባም፤ ቢገባ ኖሮ ጫማው እበት ይነካ ነበር። የሞተውን ተሸክሞ ያስገባው ሰው ግን ጫማውን አውልቋል። የናንተው ሰው ነው። እዚህ የጣለውም ጠቡን ስለሰማችሁ በዚህ ልጅ እንድታሳብቡ ነው። እናንተም አላሳፈራችሁትም።»

ሰርኬ በስልኳ ያነሣችውን የሟቹን ጡጫ አሳየቻቸው።

«ጥጋቡ የሞተው ነጭ ገብስ ጨብጦ ነው። ክምሩ ጥቁር ነው። ነጩ ከየት መጣ? መጋዘን ያለውን ጆንያ ሁሉ ፈታሁ፤ የገበያ ነጭ ገብስ ነው። ዘራችሁ ተሽጧል። ጥጋቡ ጠርጥሮ ሊያይ ሄደ፣ እጅ ከፍንጅ ያዘ፣ እዚያው ተመታ። ክንዱም አውድማ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ የመጋዘን ቁልፍ ግን የለውም።»

ባዩ በቆዳ ጫማው ከአውድማው ዳር እንደቆመ ነው።

«ግባ እንጂ፣ ባዩ» አሉት አባ ንጋቱ።

ባዩ መንደሩን አየ። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት አውድማውን በጫማ መርገጥ አልሆነለትም። ጎንበስ ብሎ አወለቀ። ሰርኬ አንዱን ጫማ አነሣችና ገበሩን ገልብጣ አሳየች፤ ውስጡ የደረቀ እበት ተጋግሮበታል።

«በእበት እግርህ ተጫምተህ ነው የሮጥኸው» አለችው። አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ። «ወይስ የንፋስ መውጫ ሚኒባስ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል?»

«በክረምት ልተካው ነበር» አለ ባዩ። «እሱ ግን በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ሆነ።»

ስንዱ ቀረብ ብላ ባዶ እግሩን አየች። «ገብሱ የሚወቃበትን በጫማ እንዳትረግጥ ተጠነቀቅህ፣ ባዩ።»

ካቴናው ባለቤቱን አገኘ።

«አንተ ነጻ ነህ» አለችው ሰርኬ ምስጋናን። «ግን ጥጋቡ እይ ብሎህ ነበር። አይተህለት ቢሆን ኖሮ ይኼኔ እየወቃ ነበር።»

ያ ክምር ለመንደሩ የቀረ ብቸኛ ዘር ነው፤ የሚወቃው የለም። ክንዱ መንሹን ለምስጋና አቀበለው። ምስጋናም ቁጭ ብሎ የቦት ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።