ቢጫው ከንፈር

የኔታ ዘውዱ በሥዕል ክፍላቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ሲገኙ፣ ከንፈራቸው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነበር። ከራስጌያቸው ደቀ መዝሙራቸው እመቤት ከበርሊን ያመጣችላቸው የቀለም ቱቦ ተከፍቶ ወድቋል። ቱቦው ላይ የራስ ቅል ታትሞበታል። የነሐሴ ጉም ከደብረ ታቦር ላይ ሳይገፈፍ ወሬው በባጃጅ ገበያ ደረሰ፤ «ፈረንጅ አገር ደርሳ የመጣችው መምህሯን በመርዝ ገደለች» ተባለ።

እመቤት በሩ ላይ ስትደርስ የሟች ሚስት እትዬ ፈንታነሽ ተነሡባት።

«አንቺ እባብ! በጉያው አሳድጎሽ! ምን ቀረኝ ብለሽ መጣሽ?»

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለች ኢንስፔክተር አዛለች። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።»

አዛለች አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ሰው ሁሉ የሟችን ከንፈር ሲያይ እሷ ግን ተንበርክካ የግራ እጃቸውን አነሣች። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ሰማያዊ ነበር። እጃቸውን መልሳ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወደ እመቤት ዞረች። እመቤት በሩ ላይ ከቆሙት ፖሊሶች ሌላ የምታየው አልነበረም። ዛሬ ከዚህ ቤት በካቴና ታስራ ከወጣች ንጹሕ ናት የሚላት ሰው እንደማይኖር ታውቃለች።

«ትናንት ከመምህርሽ ጋር ተጣልተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሌባ ነዎት አልኋቸው።»

«ሰማችሁ!» አሉ ፈንታነሽ። «ከአፏ ወጣ!»

«ለምን ሌባ አልሻቸው?»

እመቤት ስለ በርሊን ማውራት አትወድም። ለሠዓሊዎች ማረፊያና መሥሪያ ክፍል የሚሰጥ ድርጅት ለሦስት ወር ጋብዟት ነበር። የሰጧት ክፍል ግድግዳው መስተዋት ነው፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። ብሩሹን በምላሷ ልታሾል ስትል አንዲት ሴት ጮኻ ከእጇ ነጠቀቻትና ቱቦው ላይ ያለውን የራስ ቅል አሳየቻት። በጥፍሯ ስታሾል ደግሞ ማዕድ ላይ ጋባዦቿ ቀለም የገባበትን ጥፍሯን አይተው ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ። በማግሥቱ ትንሽ የጥፍር ብሩሽ በሳሕን አቀረቡላት። እስኪደማ ፈገፈገችው። ከዚያ ወዲህ እጇ ለሥራ እንቢ አላት።

«አንድ ቀን መንገድ ጠፍቶኝ ስንከራተት» አለች «በአሮጌ ዕቃ መሸጫ መስኮት ውስጥ ምስለ ፍቁር ወልዳን አየሁ። ክርስትና የተነሣሁበት የገሳይ ደብር ሥዕል ነው። ከግርጌው የኔታ የጠገኑት ቦታ አለ። በስልኬ አነሣሁት። ባለሱቁ ገፍትሮ አስወጣኝ።»

«ከዚያ ትናንት መጥተሽ አሳየሻቸው።»

«መጀመሪያ ቀለሙን ሰጠኋቸው፤ መርዝነቱንም ነገርኋቸው፣ እዚህ ሁሉም ይስሙ። እሳቸው እጄን ያዙና 'ጥፍርሽንም አጥበው ሰደዱሽ?' አሉኝ። ተናደድሁ። ስልኬን አውጥቼ ሌባ አልኋቸው። ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩና 'ለቡሄ ትሰሚያለሽ' አሉኝ።»

«ወደ በርሊን መንገዱን ማን አገኘልሽ?»

«ፋሲል። የኔታ ሲሠሩ የቀረጽሁትን ቪዲዮም ለድርጅቱ በኢንተርኔት የላከልኝ እሱ ነው። በበዓለ ሃምሳ ነው የቀረጽሁት።»

ፋሲል ለቱሪስት ሥዕል ይሸጣል፤ ጫማው ጭቃ አይነካውም። አዛለች ለብቻው ስታነጋግረው በትዕግሥት ማጣት እግሩን ያወዛውዝ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ይኼ ምን ምርመራ ያሻዋል? ሽማግሌው ብሩሹን የሚያሾሉት በምላሳቸው ነው። እሷም ይህን እያወቀች መርዙን ሰጠቻቸው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ስንቴ አይቼ! ትናንት ማታ እንኳ ቢጫውን ሲልሱ 'ተዉ የኔታ' ብያቸው ነበር።»

«በእርግጥ አየሃቸው?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

ቀጥሎ የገባው ፋንታው ነው፤ ሌላው የየኔታ ደቀ መዝሙር። እመቤትን አላያትም።

«እሷ በርሊን ስትንሸራሸር እንቁላል እየሰበርሁ ቀለም የማሸው እኔ ነበርሁ» አለ። «እኔን ግን የጋበዘኝ የለም።»

«እጅህን አሳየኝ። ይኼ ምንድን ነው?»

«ጥፍር ነዋ! የሠዓሊ ጥፍር። የፖሊስ ጥፍር መሰለዎት?»

አዛለች ቀለም የገባበትን የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር እያየች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በማግሥቱ ከቀብር መልስ ሁሉንም በሥዕል ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። በሸራው ላይ የእመቤታችን ልብስ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ባዶ ነው።

«የሆስፒታሉ ሐኪም በጉሮሯቸው ጠብታ ቀለም አላገኘም» አለች። «ያገኘው አፍንጫቸው ውስጥ የጋቢ ጥጥ ነው። ታፍነው ነው የሞቱት። ቢጫው ከሞቱ በኋላ የተቀባ ነው፤ ጥፋቱ በእመቤት እንዲላከክ። ፋንታው፣ ያለነው በምን ጾም ነው?»

«በፍልሰታ።»

«በፍልሰታ የኔታ ብሩሻቸውን በምን ያሾላሉ?»

«በግራ አውራ ጣት ጥፍራቸው ነዋ! ቀለማችን በእንቁላል አስኳል ይታሻል። በጾም እንዴት አፋቸው ይገባል?»

«ልማዳቸው ነው እትዬ?»

«ኧረ በጾምስ ብሩሽ ወደ አፉ አይጠጋም» አሉ ፈንታነሽ። «በፍስክ ነው እንጂ።»

«እዚህ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። እመቤት ብትሆን ኖሮ በጾም ቢጫውን ከንፈራቸው ላይ አትቀባም ነበር። የሚያሾሉበት ጥፍር ደግሞ ሰማያዊ ነው። የእመቤታችንን ልብስ እየሠሩ ነበር፤ ቢጫውን አልነኩትም። በዚህ ጾም ሲልሱ አየሁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ፋሲል ዞረ።

«ሌላ ቀን ይሆናል...» አለ።

«'ትናንት ማታ፣ በዓይኔ በብረቱ' ብለኸኛል። ያየኸው እመቤት የቀረጸችውን ቪዲዮ ነው። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፤ ስለዚህ ላሱ። እትዬ፣ የገሳዩን ሥዕል ከዚህ ቤት ማን ወሰደው?»

ፈንታነሽ ቀስ ብለው ተነሡ። «እሱ! ደብሩ አዲስ ይፈልጋል ብሎ አስገለበጠው። አሮጌውን የደብሩ ዕቃ ቤት አስገባዋለሁ ብሎ ወሰደ።»

«የኔታም የእመቤትን ስልክ ሲያዩ እንደሸጥኸው ገባቸው። ለቡሄ ለደብሩ አለቃ ሊናገሩ ነበር። በዚያ ማታ ለአንተ ቀድመው ነገሩህ፤ አንተም በጋቢ አፈንሃቸው፤ አይደለም?»

ፋሲል እመቤት ላይ ጮኸ። «ያ ሁሉ ከተማ ሳለ! ያ ሁሉ ሱቅ ሳለ! አንቺን የላክሁ እኔ ነኝ፤ እጄን በእጄ ቆረጥሁ!»

ፖሊሶቹ ካቴና አስገብተውለት ወሰዱት። በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ትናንት እመቤትን የሰደበበትን አፍ ሳያብስ «ድሮም ዓይኑ ያስታውቅ ነበር» አለ።

ይቅርታ የጠየቃት ግን አልነበረም። ፈንታነሽ ከበርጩማቸው ሆነው አዩአት።

«ሌባ እንዳልሽው ሞተ» አሉ።

ፋንታው ወደ ሸራው አየ።

«ማን ይጨርሰው?»

ፈንታነሽ ፊታቸውን አዙረው የሰማያዊውን ጣሳ በእግራቸው ወደ እመቤት ገፋ አደረጉት።

«ፍልሰታ ሳይፈታ ይለቅ። ለሱ ስትይ ነው፤ ለኔ አይደለም።»

እመቤት ብሩሹን ነከረችና በነጣው ጥፍሯ ላይ አሾለችው። ሰማያዊው በርሊን ላይ ፈግፍጋ ባቆሰለችው ስንጥቅ ገብቶ ለበለባት። አልጠረገችውም።