ከማይኩ ጎን ያለው ቦታ

ዘፋኙ የወደቀው በጠራራ ፀሐይ፣ ገና ተመልካች ሳይገባ፣ የድምፅ ሙከራ ላይ ነው። ጊታሩን እንዳነገተ ከንፈሩን ወደ ማይኩ አስጠጋ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልወጣውም። መርማሪዋ ስትደርስ ከነጊታሩ መድረኩ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የማንም ልጅ ይሁን፣ እንዲያ ሆኖ ሲያዩት አንጀት ይበላል።

«ጎርናናው» ነበር የሚሉት። አሳታሚ የለው፣ ደጋፊ ድርጅት የለው፤ ዕቃውን በአሮጌ ሚኒባሱ ጭኖ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሮክ ይጫወት ነበር። አብረውት የሚዞሩት ድራም የምትመታው ሚስቱ፣ ከልጅነቱ ያልተለየው ቤዝ ተጫዋች «ቀጭኑ»፣ እና በቅርቡ የተቀላቀለች ጊታር ተጫዋች ልጅ ናቸው። ልጅቱን «ጩጬ» ይሏታል።

የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። የጊታሩ አምፕሊፋየር ስፒና ተፈትቶ ሽቦዎቹ ሆን ተብሎ ተቀያይረዋል፤ ጊታሩን እንደያዘ ማይኩን የነካ ሰው በኤሌክትሪክ ይያዛል። ዕቃውን የሰካችው ጩጬ ነበረች፤ ከቦርሳዋም ካቻቪቴ ተገኘ። የመርማሪዋ አለቃ ልጅቱን ይዛት እንድትመጣ በስልክ አዘዘ። አንድ ፖሊስም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ሚስትየዋን መልበሻ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። የድራም ዘንጎቿን ታሻሻለች።

«ይቺ ልጅ ቤቴን ልታፈርስ ነው የመጣችው» አለች ቀና ሳትል።

«ምን አየሽ?»

«ምን አያለሁ? አብረው ሲስቁ ነዋ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የምውለው ጀርባቸውን ሳይ ነው፣ እህቴ።»

ቀጥላም፣ ድሮ አዝማቹን ባሏና ቀጭኑ አንድ ማይክ ላይ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ይዘፍኑት እንደነበር፣ ከዚህ ዙር ጀምሮ ግን ያ ቦታ ለጩጬ እንደተሰጠ ነገረቻት። ባሏ ሲወድቅ ራሱን የሳተ መስሏት ልታቅፈው ስትሮጥ፣ ቀጭኑ ከመጋረጃው ኋላ የአምፕሊፋየሩን ስፒና ባይነቅል ኖሮ እሷም ሞታ ነበር።

ጩጬ ካቻቪቴው የሁሉም መሆኑን፣ ማንም ከቦርሳዋ እያወጣ እንደሚጠቀምበት ተናገረች። ጎርናናው ወገቡን ስለሚያመው ዕቃው ተሰክቶ እስኪሞከር ሚኒባሱ ውስጥ ጋደም ይላል፤ ጊታሩንና ማይኩን ሁልጊዜ ቀድማ የምትሞክርለት እሷ ነበረች።

«ዛሬስ፣ የኔ ልጅ?»

«እናቴ ደወለች። በልተሻል ወይ ልትለኝ። እሱ ደግሞ መጥቶ ‹አውሪያት፣ እኔ እሞክረዋለሁ› አለኝ።»

መርማሪዋ ወደ መጋረጃው ኋላ ሄደች። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ የቀሩት ጥቁር ስፒናዎች መንትያ ይመስላሉ፤ ሽቦዎቹ እንደ አንጀት ተጠላልፈዋል። ከበላያቸው፣ እጅ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ፣ የመብራቱ ዋና ማጥፊያ አለ። ጩጬን ጠርታ የቤዙን ስፒና እንድትነቅል አዘዘቻት። ራሷ የሰካችው ልጅ ሽቦውን በእጇ ተከትላ በስንት ፍለጋ አገኘችው።

ከዚያ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ስፒናውን ለምን ነቀሉ?» አለች ቀጭኑን።

«ሰው ለማዳን ነዋ። ኤሌክትሪክ መሆኑ ገባኝ።»

«ይግባዎት። የትኛው ዕቃ እንደያዘው ግን በምን አወቁ? የደነገጠ ሰው አጠገቡ ያለውን ዋና ማጥፊያ ይመታል። የሰካችው ልጅ እንኳ በዓይኗ ያልለየችውን እርስዎ በአንዴ መዘው አወጡት። ሞቱ የቱ ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው እዚያ ያስቀመጠው ሰው ነው።»

ቀጭኑ ሊስቅ ሞከረ። «ከልጅነት ጓደኛዬን ልገድል? እንዴት ተደርጎ!»

«እሱንማ አልፈለጉም። ያንን ጊታር በየከተማው ቀድማ የምትነካው ማን ናት?»

የሚስትየዋ ዘንጎች ከእጇ ወደቁ። ጩጬ ግን ገና አልገባትም፤ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ታያለች።

«ከማይኩ ጎን የነበረውን ቦታዎን የወሰደችብዎ እሷ ናት» አለች መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወጥመዱም ለእሷ ነበር።»

ቀጭኑ ጎርናናው የወደቀበትን ቦታ አየ። ሲናገር ለማንም አልነበረም።

«ተነስ ያለው ማነው? ተኝቶ መዋል ነበረበት እኮ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ጩጬ መድረኩ ላይ ቁጭ አለች፤ የእናቷ ስልክ እንዳተረፋት ያን ጊዜ ነው የገባት። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይጮሃል፣ እሷ ግን አላነሳችውም። ሚስትየዋ ቀርባ ስልኩን ከኪሷ አወጣች፤ ማን እንደደወለ አየች።

«እናትሽ ናት» አለች። አጠገቧ ተቀመጠችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። «በልቻለሁ በያት።»