ቅሉን የያዘው እጅ

አቶ ጌዴዎን በኮሌጁ የማስተማሪያ ምስሎች ክፍል ወለል ላይ በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። በጋምቤላ ቀትር ሰው ከጥላ አይወጣም። ኮሌጁ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲከፈት፣ በሩን ገፋ ያደረገው ዘበኛው ቦት ነበር። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ በካሜራው ብረት ማቆሚያ ተመትቷል። ስልካቸው የለም። አጠገባቸው ዓሦች የተቀረጹበት አንድ ቅል በጫማ ተረጋግጦ እንክትክት ብሏል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የክልሉን ሸክላ፣ ዶቃና ቅል ፎቶ እያነሱ ለመምህራንና ለተመራማሪዎች በነፃ ሲያድሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ጠላት የለውም ይባላል። ኢንስፔክተር ኛኳች ይህን አባባል በስንት ሬሳ ራስጌ ሰምታዋለች፤ አታምንበትም።

«ምን ያደክምሻል?» አላት አለቃዋ። «ሴትየዋ ተይዛለች። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ አለቀ።»

ሴትየዋ ወይዘሮ አኬሎ ነበሩ፤ ከአቦቦ የመጡ የስልሳ ዓመት ቅል ቀራጭ። በዚያን ዕለት ጠዋት በምስሎቹ ክፍል ውስጥ ሲጮኹ ግቢው ሁሉ ሰምቷቸዋል፤ ምን እንዳሉ ግን የለየ የለም።

«ለምን ጮኹ፣ እማማ?» አለች ኛኳች።

«የአቦቦ ትምህርት ቤት መምህር ወረቀት አነበበልኝ። የኔ ቅል ፎቶ አለ። ‹ቀራጩ ያልታወቀ፣ መቶ ዓመት ያለፈው› ይላል። እኔ መቶ ዓመት ነኝ? እኔ ሞቻለሁ?» አሮጊቷ ግራ እጃቸውን አነሱ። «እኔ በዚህ እጅ ነው የምቀርጸው። የሁሉ ሰው ዓሣ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የኔ ብቻ ወደ ግራ። ፎቶው ገልብጦታል። ቅሌን በጨርቅ ጠቅልዬ መጣሁ፣ ለጌዴዎን አሳየሁ።»

«እሳቸውስ?»

«አለቀሰ። ‹ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ያነሳሁት ነው፤ ፊልሙን ኮምፒውተር ውስጥ ሳስገባ ተገለበጠብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው› አለ። ‹ቅሉን ተዪልኝ፤ በስልኬ አዲስ አነሳለሁ፣ ዛሬውኑ ስምሽን ጽፌ ለመምህራን ሁሉ እልካለሁ› አለ። እኔ ሄድኩ።»

«የዓሣውን ነገር ለሌላ ሰው ተናግረዋል?»

«ለማን? ለእሱ፣ ለአንቺ። በቃ።»

ዘበኛው ቦት አሮጊቷ አምስት ሰዓት ላይ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አይቷል። ከዚያ በኋላ ግን ማንጎው ሥር እንቅልፍ እንደጣለው፣ አንገቱን ደፍቶ አመነ። ተመልሰው ገብተው ቢሆንስ? አለቃዋ የያዘው ይህንኑ ነው።

ኛኳች ገበያ መሃል ወዳለው ማተሚያ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ ኻሊድ የቅሉን ምስል ሻርፕ ላይ አትሞ ሲሸጥ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ነበር።

«‹ለትምህርት እንጂ ለሻርፕ አልሰጠሁም› ብለው ተቆጡኝ፤ እውነት ነው» አለ ኻሊድ። «በዚያ ሰው ይገደላል እንዴ፣ እህቴ? ቀትር ላይ መስጊድ ነበርኩ፤ ስንት ሰው አይቶኛል።» ይህን እያለ ስልኩን መስታወቱን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

የኮሌጁ መምህር ፊልሞና ግን አልተደናገጠም። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳላት። ከአሥር ቀን በኋላ ለዶክትሬት የሚያቀርበው ጥናት በዚያው ቅል ላይ የቆመ ነው፤ «መቶ ዓመት» የሚለውም ቃል የእሱ ነው።

«ወይዘሮ አኬሎን ያውቋቸዋል?»

«በዓይኔም አይቻት፣ አነጋግሬያትም አላውቅም። ጠዋት እያስተማርኩ ነበር፣ ቀትር ላይ ቤቴ ተኛሁ። ምስሎቹ ክፍል ከሰኞ ወዲህ አልገባሁም።»

«‹ቅሉ የኔ ነው› ይላሉ።»

ፈገግ አለ። «ተሳስታለች። የእሷ ዓሦች ወደ ግራ ነው የሚሄዱት፤ በጥናቴ ያሉት ወደ ቀኝ። ሌላ ቅል ነው።»

ኛኳች ውሃውን ሳትጠጣ ተነሳች።

ከገበያ አንድ ቅል ገዝታ ወደ ሟቹ ክፍል ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጠው ተንከባለለ፤ ቂጡ ድቡልቡል ነው። በአንድ እጇ ይዛ በሌላው በስልኳ ፎቶ ለማንሳት ሞከረች፤ ቅሉ ከፍሬሙ ወጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የቅል ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ከሥር ተቆርጠዋል። ጌዴዎን ሁልጊዜ የሚይዝላቸው ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ኋላም እጁን ከፎቶው ላይ ይቆርጡታል። ታዲያ ያን ቀን ማን ያዘላቸው?

ወደ ኻሊድ ሱቅ ተመለሰች። «ስልክህን ገልብጠው» አለችው።

በማግስቱ፣ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ ሁሉንም በምስሎቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ አኬሎ በፖሊስ ታጅበው መጡ። የቅሉ ስብርባሪ ገና አልተጠረገም ነበር፤ ሲያዩት እንዳይረግጡት ዞረው አለፉ።

«ገዳዩ ሁለት ነገር ለማጥፋት ነው የደከመው» አለች ኛኳች፤ «ቅሉንና ስልኩን። ሁለቱም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ የቅሉ ባለቤት በሕይወት እንዳሉ። እማማ አኬሎ ይህ እንዲታወቅ ነው የመጡት። ምን ብለው ያጠፉታል?» ወደ መምህሩ ዞረች። «እርስዎ ግን የእሳቸው ዓሦች ወደ ግራ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ኮሌጁ ያለው ፎቶ ወደ ቀኝ ነው። ቅሉ ተሰባብሯል። እሳቸውን አላነጋገሩም። ታዲያ የት አዩት?»

«... ሰው ሲያወራ ሰምቼ ይሆናል።»

«ያወራ ሰው የለም። ኻሊድ፣ አሳይ።»

ኻሊድ አንድ ትልቅ ህትመት ዘረጋ። «አቶ ጌዴዎን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ‹ከሥር ቆርጠህ በትልቁ አትምልኝ› ብለው በቴሌግራም ላኩልኝ» አለ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ። «የሻርፑ ጣጣ መጣብኝ ብዬ ፈርቼ ደበቅሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ቅሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዓሦቹ ወደ ግራ ይዋኛሉ። ከሥሩ አንድ እጅ ደግፎታል፤ እጁ ላይ አረንጓዴ ማሰሪያ ያለው የእጅ ሰዓት አለ። ሁሉም ወደ ፊልሞና እጅ ተመለከተ። ሰዓቱ አሁንም እዚያው ነበር።

«‹ያዝልኝማ› ብለውዎታል፤ እርስዎም ይዘውላቸዋል» አለች ኛኳች። «ስልኩን ሲያጠፉ ፎቶው አብሮ የጠፋ መሰልዎት።»

ፊልሞና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «‹አሥር ቀን ብቻ ይጠብቁኝ› አልኳቸው» አለ በደከመ ድምፅ። «ለመንኳቸው። ‹ሃያ አምስት ዓመት ያለ ስሟ አስቀምጫታለሁ፤ አንድ ቀን አልጨምርም› አሉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ወሰዱት። የወይዘሮ አኬሎ ካቴና ተፈታ። አሮጊቷ ወደ ህትመቱ ቀረብ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ይሄን እጅ ቁረጡልኝ» አሉ።

«ፍርድ ቤት ሳያየው አይቆረጥም፣ እማማ።»

ወይዘሮ አኬሎ ግራ መዳፋቸውን በዚያ እጅ ላይ አሳርፈው ሸፈኑት። ከዚያ በሌላው ጣታቸው ከሥዕሉ ግርጌ ያሉትን ፊደሎች ነካኩ። «ምን ይላል?»

ሟቹ ከፎቶው ጋር ጽፈው የላኩት ነበር። ኛኳች አነበበችላቸው። «ቀራጭ፦ አኬሎ፣ ከአቦቦ። ለማስተማርና ለምርምር በነፃ ይወሰድ፤ ስሟ ግን አይቅር።»

«እንደገና» አሉ አሮጊቷ።

ኛኳች እንደገና አነበበች።