መንገድ ላይ የቀረው ድንጋይ

ጠጋ በሉ። ፋኖሱን ተዉት፣ ይጥፋ። ይህ ወሬ ጨለማ ይስማማዋል።

ድሮ ነው። ሰዓቱ ጀንበር የምታዘቀዝቅበት። መንገዱ እዚያ ፈረንጅ አገር፣ ጣሊያንን ከስዊስ በሚለየው የአልፕስ ተራራ ላይ የተጠመጠመ ነው። በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል። ሰው የለም፣ ቤት የለም፣ ጉም ብቻ።

በዚያ መንገድ ቢያድግልኝ የሚባል የአገራችን ሾፌር ግንድ የጫነ መኪና እየነዳ ይወጣል። ታናሽ ወንድሙ አያልነህ ደግሞ በሌላ መኪና ራቅ ብሎ ይከተለዋል። እናታቸው «ወንድምህን አደራ» ብላ ነው የሞተችው። ከአደራ የሚከብድ ጭነት አለ? የለም።

ዳገቱ መሃል ሞተሩ ጋለበት። ቆመ። ምን አደረገ? የእኛ ሾፌር የሚያደርገውን ነዋ። የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀ። ሞተሩ ሲበርድለት ተነሥቶ ሄደ። ድንጋዩስ? ድንጋዩማ መንገዱ መሃል ቀረ። እኛ መቼ አንሥተን እናውቃለን?

ጥቂት እንደ ሄደ የመኪናው ጎን ተደበደበ። ጠጠር መስሎት ነዳ። ደግሞ ተደበደበ። ቀጥሎ ደም የለበሰ እጅ መስኮቱን ያዘ። ቢያድግልኝ ጉሙ ነው ብሎ ዐይኑን አሸት አደረገ። ሲገልጠው የእጁ ባለቤት አጠገቡ ተቀምጧል። ደረቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የተጫነው መሪ ክብ ምልክት ትቶበት የተሰበረ ጎድኑ ይታያል። ፈረንጅ ነው፣ ግን በአማርኛ ተናገረ። የሞተ ሰው ምን ቋንቋ ይቸግረዋል?

«ድንጋይህን አንሣ» አለው።

«የሚመጣው ያንሣው» አለ ቢያድግልኝ።

«እኔንም የገደለኝ እንዲሁ ያለ ሰው ነው። ተመለስ። ከኋላህ ሰው አለ።»

ማን እንዳለ ያውቃል። ያውቃል፣ ግን ፍርሃት ልቡን ደፈነው። መኪናውን አቆመና የጎማ መፍቻውን ብረት አንሥቶ የሰውየውን ፊት መታው። መንጋጋው ተሰበረ። ደገመው። ጥርሱ ረገፈ። ሰውየው በተሰበረ አፉም «ተመለስ» ይለዋል። ቢያድግልኝ በሩን ከፈተና በእርግጫ ወደ ገደሉ ወረወረው።

ያኔ ከታች ተራራው ጓ አለ።

ቢያድግልኝ ቁልቁል ሮጠ። የአያልነህ መኪና ከመንገድ ወጥታ መንገዱ ሥር ካለው ቋጥኝ ላይ ተከስክሳለች። የጫነችው ግንድ ጣሪያውን ደፍጥጦ ልጁን ከመሪው ጋር አጣብቆታል። ነፍሱ ግን አልወጣችም። የወንድሙን እጅ ጨበጠ።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ልስት ብዬ ነው። ማን ነው እዚያ የተወው?»

ምን ብሎ የመለሰለት ይመስላችኋል?

«አላውቅም» አለው።

አያልነህ ዐይኑን ከደነ። ትንፋሹ ቆመ። ገላው ቀዘቀዘ። ቢያድግልኝ አልቅሶ አልቅሶ እጁን ሊያላቅቅ ሲል፣ ጭብጡ ጠበቀ። ሳበ፤ ይብስ ጠበቀ። አጥንቱ ቀጭ አለ። የሞተው ልጅ ዐይኑን ገለጠ።

«ታውቃለህ» አለው።

በማግስቱ የመጡት ሰዎች የሬሳውን ጣቶች በብረት ሊፈለቅቁ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ቢያድግልኝን ያስለቀቁት የገዛ እጁን ከአንጓው ቆርጠው ነው። ያ እጅ ከአያልነህ ጋር ተቀበረ።