«የአሞሌ ሙሽራ» ትንፋሽ

ፋናዬ ወርቅነህ ጠዋት ጠዋት የሌላ ሰው ትንፋሽ ትለብሳለች። የምትለብሰው ሰደርያ ከግራጫ ክር የተሠራ ቀላል ልብስ ነው። ዘፋኞች መድረክ ላይ በሚለብሱት ልብስ ውስጥ የደረታቸውን እንቅስቃሴ የሚቀዳ ክር ተሸምኗል፤ ሰደርያው ያንን እንቅስቃሴ በአድማጩ ደረት ላይ መልሶ ያጫውታል። ዘፋኙ አየር ሲስብ የፋናዬ ጎን ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ሲያወጣ ይላላል። ሥራውን በጀመረች ሰሞን ያዞራት ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ግን ሻይዋን እየጠጣች ትሠራዋለች።

የምትሠራው በላንጋኖ ከተማ፣ በድምፅ ምርመራ ቤት ነው። ቤቱ የተቀዱ ኦፔራዎችን፣ ማለትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚተወኑ ድራማዎችን ይመዝናል። የዘፋኙ ቃል አወጣጥ፣ የድምፁ ጥራት፣ የትንፋሽ አያያዙ ሁሉ ነጥብ አለው። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ የዘፈነው ሰው ነው ወይስ መሣሪያ? የሐሰት ድምፆች አገሩን ካጥለቀለቁበት ዘመን ወዲህ ሕጉ ጥብቅ ሆኗል። በአንድ ቅጂው ውስጥ የመሣሪያ ድምፅ የተገኘበት ዘፋኝ፣ የዕድሜ ልክ ሥራው በሙሉ ይደመሰሳል።

የዚያን ሳምንት ተራ የደረሰው ወይዘሮ ሶስና መንበሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት የዘፈኑት «የአሞሌ ሙሽራ» ነበር። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሙሽራዋ በጨው ሜዳ ብቻዋን ቀርታ አባቷን ትጣራለች። ጥሪው ሳይቋረጥ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ይዘልቃል፤ ኦፔራ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ነው። ፋናዬ ዓይኗን ጨፍና እየሰማች ሳለ በአሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ ሰደርያው ጎኗን ገፋው። ወይዘሮ ሶስና አየር ሳቡ። ድምፁ ግን አልቆመም።

ሻይዋን አስቀምጣ መልሳ ሰማችው። ያው ነው። ሰው አየር እየሳበ እንዲህ ሊዘፍን አይችልም።

«ወንፊት» የሚሉትን መርማሪ ከፈተች። ወንፊት ድምፅን አጣርቶ ከሥጋ ጉሮሮ መውጣት አለመውጣቱን የሚናገር መሣሪያ ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ ሰው። ፋናዬ አላመነችውም። ክሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ የዚያኑ ኦፔራ የሌሎች ቀኖች ቅጂዎች አወጣች። በሁሉም ላይ ትንፋሹና ድምፁ አብረው ይሄዳሉ። የተለያዩት ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት በምረቃው ቀን በተቀዳው በዚህ ቅጂ ላይ ብቻ ነው፤ በዚህም ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ በሌላው ቦታ ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ አላስተዋለችውም ነበር።

የቅጂውን መዝገብ ስታይ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘች። ለእሷ ከመሰጠቱ በፊት የቤቱ ኃላፊ ክንፈገብርኤል ያንኑ ቦታ አሥራ አራት ጊዜ ከፍቶታል።

ቢሮው ሄደች።

«ይህን ቅጂ ነክተውታል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«አሥራ አራት ጊዜ?»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ወይዘሮ ፋናዬ፣ የጠፈር መርከቧ ሐሙስ ትነሳለች። የማርስ ሰፋሪዎች የሚወስዱት አሥራ ሁለት ኦፔራ ነው፤ ይሄ አንዱ ነው። ወንፊት ሰው ብሏል። እርስዎም ሰው ብለው ቢፈርሙ የሚጠይቅዎት የለም።»

«ትንፋሹስ?»

«ክሩ ተዘባርቆ ይሆናል።»

«አልተዘባረቀም። እርስዎም ያውቁታል።»

«አውቃለሁ» አለ። «ግን የወይዘሮ ሶስናን ሠላሳ አንድ ቅጂ የሚያስደመስስ ወረቀት ላይ መፈረም አልሆንልህ አለኝ።»

ኃላፊነቱን በእሷ ላይ ሊጥል ነው ቅጂውን የሰጣት። ወይም ለወይዘሮ ሶስና የደበቀላቸው ነገር አለ። ወይም ድምፁን የቀየረው ራሱ ነው። ፋናዬ ከቢሮው ስትወጣ ሦስቱንም አምና ነበር።

በማግስቱ ሰደርያውን በቦርሳ ይዛ ወይዘሮ ሶስና ቤት ሄደች። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሐይቁን በሚያይ ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጥያቄዋን ጨርሳ ሳትናገር መለሱላት።

«እንደ ልማዴ ነው የዘፈንኩት፣ ልጄ። ምን የተለየ ነገር አለው?»

መልሱ ፈጠነባት። «እንግዲያው ይህን ይልበሱልኝ» አለች።

ወይዘሮ ሶስና ሰደርያውን በጥርጣሬ አገላብጠው ለበሱት። ፋናዬ ሦስተኛውን ክፍል ከፈተች። ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረው ትንፋሻቸው በደረታቸው ላይ መመላለስ ሲጀምር ፊታቸው ተለወጠ። አሥራ አንደኛው ሰከንድ ሲደርስ እጃቸው ሳያዙት ወደ አፋቸው ሄደ።

«ሳል ነው» አሉ። «ሳል አፍኜ ነበር።»

«ድምፁስ?»

ሰደርያውን አውልቀው፣ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሲናገሩ ወደ ፋናዬ አላዩም።

«የምረቃው ዕለት ጠዋት ጉሮሮዬ ደማ። ሹክሹክታ እንኳ አይወጣኝም። ሁለት ሺህ ሰው ተጠርቷል። ዜማውን ከሚቀበሉት ተቀባዮች መሀል ደጊቱ ነገዎ የምትባል ነበረች፤ በልምምድ ጊዜ ሁሉ ከኔ ኋላ ስለምትቆም የኔን ክፍል በቃሏ ይዛዋለች። መድረኩ ላይ ከተደረደረው የአሞሌ ጨው ጭነት ጀርባ ተቀምጣ ሙሉውን ዘፈነችው። እኔ አፌን ብቻ ከፈትኩ። ሰውም አላወቀ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«በማግስቱ ልናገር ነበር። እሷ አስማለችኝ።»

ታሪኩ ያማረ ነበር። ፋናዬን ያሳሰባትም ይኸው ነው። መሣሪያ የተጠቀመ ሰው ሲያዝ የሚናገረው እንዲህ ያለ ታሪክ ነው፤ በሥራ ዘመኗ «የዘፈነው የሞተው መንትያ ወንድሜ ነው» እስከሚል ድረስ ሰምታለች።

ወይዘሮ ደጊቱን ባቱ ከተማ አገኘቻቸው። በአንድ መኖሪያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ያለ አፈር በውኃ ብቻ የሚበቅል ቲማቲም ይጠብቃሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ንግግራቸውም እንደዚያው።

«እኔ ተቀባይ ነበርኩ። ከዚያ ሌላ የዘፈንኩት የለም።»

«ወይዘሮ ሶስና ግን…»

«ሶስና አርጅታለች። ትቀባዥራለች።»

ፋናዬ ተናደደች፤ ግን በየትኛዋ እንደተናደደች አልለየላትም። ከሁለቱ አንዷ እየዋሸች ነው። «እንግዲያው መሣሪያ ነው ብዬ እጽፋለሁ» አለች። «ሕጉን ያውቁታል። ሠላሳ አንድ ቅጂያቸው ሐሙስ ይደመሰሳል።»

ወይዘሮ ደጊቱ የያዙትን ቅርንጫፍ ለቀቁ። «ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። በቀሚሳቸው ጠረጉት። ከዚያ በቲማቲሞቹ መካከል ቆመው የሙሽራይቱን ጥሪ ጀመሩት።

ድምፁ አርጅቷል። ጥሪው ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ ተሰንጥቆ ቆመ፤ እሳቸውም በአንድ እጃቸው የቲማቲሙን መደገፊያ ብረት ተደግፈው ለመተንፈስ ታገሉ። ፋናዬ ግን ከሁለተኛው ሰከንድ በኋላ መጠራጠር አልቻለችም ነበር። «አባ» የሚለው ቃል ከደረት ወደ ላይ የሚታጠፍበት መንገድ ያው ነው። ቢሆንም ለልማዷ ስትል ትንሿን ወንፊት ከቦርሳዋ አውጥታ ሁለቱን ድምፆች አስተያየች። መልሱ፤ አንድ ጉሮሮ።

«ለምንድነው የካዱት?» አለቻቸው።

«ያን ቀን ሕዝቡ ሶስናን ሰምቶ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። አሁን ተነስቼ እኔ ነበርኩ ብል የሰሙትን እነጥቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ሞተዋል ደግሞ።»

«ስምዎን ልጻፍ። ይገባዎታል።»

«አትጻፊ።»

«ከዚህ በኋላ የሚሰማው እኮ ሌላ ዓለም ላይ ያለ ሰው ነው።»

«የትም ይሁን። ሰው ነው ብለሽ ጻፊ፤ እሱ እውነት ነው። ሌላው የኔና የሶስና ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ፋናዬ ያገኘችውን ሁሉ ለክንፈገብርኤል ነገረችው፤ የወይዘሮ ደጊቱን ስም ብቻ አላነሳችም። እሱ አድምጦ ሲጨርስ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ መልሶ ፊቱ ከበደ።

«ሰፋሪዎቹ ልጆቻቸውን ዘፈን የሚያስተምሩት በሰደርያው ነው» አለ። «አንዷ ልጅ ለብሳው ትሞክራለች። አሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ አየር እየሳበች ልትዘፍን ነው። ያቅታታል። ጥፋቱም የራሷ ይመስላታል።»

ፋናዬ ይህን አላሰበችውም ነበር። ቅጹን አውጥታ ፊት ለፊቷ አኖረችው። «ሰው» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ብዕሯን ግን አላስቀመጠችም። ይህ ቤት መሣሪያ ሰው መስሎ ሲቀርብ የሚይዝበት ሃያ ዓይነት ወንፊት ሠርቷል። እሷም በየጠዋቱ ቆንጆ ድምፅ በሰማች ቁጥር መጀመሪያ የምትፈልገው ማጭበርበሩን ነው፤ ጎበዝ መርማሪ ያሰኛትም እሱ ነው። ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ራሱን ሲደብቅ የሚያገኝ ወንፊት ግን ማንም አልሠራም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል ብሎ ያሰበ አልነበረምና።

«ሁለተኛዋ ማን ናት?» አለ ክንፈገብርኤል።

«እንዳትጻፍ የፈለገች ሰው።»

«ያምኗታል?»

ፋናዬ እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም። ሥራዋ ማመን አልነበረም። ከቅጹ ግርጌ ለተማሪዎች ማስታወሻ በተተወው ባዶ ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«በዚህ ቅጂ ያለው ጥሪ በአንድ ሰው አይዘፈንም። አንዷ ስትተነፍስ ሌላዋ ትዝፈን።»