ደረጀ ያስተካከላት መስመር

እኔ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ስቄ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ማለቴ ነበርኩ፣ በተለይ በኮምፒውተር እንጀራውን የሚበላ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያወራ ያናድደኝ ነበር፣ ይኸው አሁን እኔው ላወራችሁ ነው፣ በቃ ስሙኝ።

ቀኑ ፋሲካ ነው፣ ካዛንቺስ ቢሮአችን ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ቤተሰቤ ኮምቦልቻ ነው፣ ሰኞ ለደንበኛ የምናስረክበው ሶፍትዌር አዲሱ ሰርቨር ላይ ካልተነሳ ደግሞ ኮንትራቴ እንደማይታደስ አለቃዬ ቁርጡን ነግሮኛል። ሶፍትዌሩን የሚገነባውን ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞቹ በተራ የተጻፉበትን ፋይል፣ የጻፈው ደረጀ ነው፣ ሦስት ዓመት ከፓርቲሽኑ ማዶ የተቀመጠ፣ ምሳ አብሮኝ የሚበላ ብቸኛው ሰው። ጾሙ ሊገባ ሲል መኪና ገጭቶት ሞተ። ቢሮው በሙሉ ሚኒባስ ተከራይቶ ኡራኤል እናቱ ቤት ለቅሶ ሲደርስ እኔ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እናቱን ማየት ፈርቼ ነው።

ስክሪፕቱ በድሮው ማሽን ላይ ምንም ችግር አልነበረበትም፣ አዲሱ ላይ ግን መሃል ላይ ቀጥ ብሎ «ይህን ትእዛዝ አላውቅም» ይለኛል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ታገልኩ። ከታች ካሉት ቤቶች የሰው ሳቅ በመስኮት ይገባል፣ ሆድ ባሰኝና ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ «ደሬ፣ ምን አድርገኸው ነው የሄድከው?» ብዬ አለቀስኩ፣ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያኔ ነው ከፓርቲሽኑ ማዶ ኪቦርድ ሲመታ የሰማሁት። እመኑኝ፣ የደሬ አመታት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይጽፍና ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና። ተነስቼ አየሁ፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ካርቶን ብቻ ነው፣ ኪቦርድ የሚባል ነገር የለም። ታች ላሉት ጥበቃ ለጋሽ ተካ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሰው ገብቷል እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ በዓውደ ዓመት ማን ይመጣል? ካንቺ በቀር ማንም የለም። ነይ ውረጂና ዳቦ ቅመሺ።»

ስክሪፕቱን እንደገና አስነሳሁት፣ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከፍቼ ሳየው የመጀመሪያዋ መስመር ተቀይራለች፣ «ባሽ» የሚባለውን፣ ደሬ የለመደውን ሼል ጥራ ትላለች። ሼል ማለት ትእዛዛችንን ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው፣ ለካ አዲሱ ማሽን በሌላ ሼል እያነበበው ኖሯል፣ ለካ ይህቺው ነበረች! እኔ ግን እሷን መስመር አልነካኋትም። ማን ቀየራት ብዬ የፋይሉን ባለቤት ሳይ «ደረጀ» ይላል። ሰርቨሩ የተገዛው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው፣ እዚያ ላይ ያለው አካውንት የእኔ ብቻ ነው፣ ራሴ ነኝ የከፈትኩት።

ሰኞ አስረከብን። አለቃዬ «ጎበዝ! ማን ረዳሽ?» ሲለኝ «ማንም፣ ብቻዬን ነው» አልኩት። ኮንትራቴም ታደሰ።

በኡራኤል በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ዛሬስ ወርጄ ለቅሶውን ልድረስ እላለሁ፣ እግሬ እምቢ ይለኛል። ገብቼስ ምን እላቸዋለሁ? «እማማ፣ ያን ፋሲካ እርስዎ ያለ ልጅዎ ሲውሉ፣ እሱ እኔ ጋ ነበር» ልበላቸው?